ለአሮጌ ማጫወቻ የሚሆን ዲስክ፦ በስንት ኤክስ በርን እናድርገው?

ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ ባሕር ዳር። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት። አሁን አሁን አብዛኛው ደንበኛ «በፍላሽ አድርግልኝ» ነው የሚለው። ግን የሙሽሮቹን ወላጆች ቤት ሄዳችሁ እዩ። ዜጌ ሂዱ፣ ደቅ ደሴት ሂዱ፣ ወይም እዚሁ ከተማው ውስጥ አባይ ማዶ ተሻገሩ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ታገኛላችሁ። ፍላሽ መሰኪያ የለውም። ቢኖረውም እኛ የምንሰጠውን ቪዲዮ አይከፍትም። እሱ የሚያውቀው ዲስክ ብቻ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ማጫወቻ ዲስክ ለምትገለብጡ፣ ወይም እንደምንለው በርን ለምታደርጉ፣ ሁሉ ነው፤ ኤክስ የምንለው ደግሞ የመገልበጫው ፍጥነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ተደራረበብኝ። የአንዲት የዜጌ ልጅ ሰርግ ነበር፤ 30 ዲቪዲ ይፈለጋል። በአንድ ሌሊት ገለበጥኩት። ፍጥነቱን ማክስ ላይ ተውኩት፤ 16 ኤክስ መሆኑ ነው። እያንዳንዱን ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ አየሁ። ሁሉም ይሠራል። አስረከብኩ።

በሳምንቱ የሙሽራዋ እናት ደወሉ።

«ልጄ፣ ሰርጉ ጥሩ ይታያል። መልሱ ላይ ሲደርስ ግን ይደርቃል» አሉኝ።

«እማማ፣ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርገው ይሞክሩት እስቲ።»

«ጠርጌዋለሁ እንጂ ልጄ። አባቷ ሊመርቁ ሲነሡ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ይቀራሉ።»

በማግስቱ በጀልባ ሄድኩ። ዲስኩን አስገቡልኝ። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ የከተማው ፎቶ፣ ሁሉም እንደ ውኃ ይፈሳል። መልሱ ጋ ስንደርስ ምስሉ በትንንሽ ካሬ ተከፋፈለ። ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚያ ቀጥ አለ። ጆሮዬን ማጫወቻው ላይ አስጠጋሁ። ውስጡ «ትክ… ትክ… ትክ» ይላል። ሌንሱ ወደፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያጣውን ይፈልጋል። ዲስኩ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የሚጠብቁት ደግሞ በገዛ ቤታቸው የተደገሰውን መልስ፣ የባላቸውን ምርቃት ነው።

የዚያን ዕለት ሌላ ዲስክ ሞከርኩ። እሱም እዚያው አካባቢ ቆመ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሦስቱም መጨረሻው ላይ! ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ምክንያት አለው። ምክንያቱን ካወቃችሁ ደግሞ ፍጥነት መምረጥ ቀላል ነው።

ለምን መጨረሻው ላይ?

በመጀመሪያ ኤክስ የሚባለው ነገር። የሲዲ 1 ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው። የዲቪዲ 1 ኤክስ ደግሞ በሰከንድ 1,385 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ የሲዲውን 9 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሲዲ 16 ኤክስና የዲቪዲ 16 ኤክስ ስማቸው እንጂ ነገራቸው አይገናኝም። «ሲዲዬን በ24 ገልብጬ ምንም አልሆነ፣ ዲቪዲውን በ16 ባደርገው ምን አለበት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አትመዝኑ።

ሁለተኛ፣ ዲስክ የሚጻፈውም የሚነበበውም ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። የሰርጉ መጀመሪያ ቀዳዳው አጠገብ፣ መልሱ ደግሞ ጠርዙ ላይ ይሆናል። 16 ኤክስ ብላችሁ ስታዙት ድራይቩ (ኮምፒውተሩ ላይ ዲስኩን የሚጽፈው ክፍል) ከመጀመሪያው በ16 አይጀምርም። መሃሉ ላይ ከ6 እስከ 7 ኤክስ አካባቢ ይጀምርና እየፈጠነ ሄዶ 16 የሚሞላው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ነው። እንግዲህ የኔ 30 ዲስኮች መሃላቸው በእርጋታ፣ ጠርዛቸው በሩጫ የተጻፉ ናቸው። የእማማ ማጫወቻ በእርጋታ የተጻፈውን አነበበ፤ በሩጫ የተጻፈውን አልቻለም።

ሦስተኛ፣ ባዶው ዲስክ ውስጥ ስስ የቀለም ንብርብር አለ። ሌዘሩ ይህን ቀለም በሙቀት እየለወጠ አጫጭርና ረጃጅም ምልክት ይተዋል። መረጃው ያለው በምልክቶቹ ርዝመት ላይ ነው። ጠርዛቸው ጥርት ያለ ከሆነ የማንኛውም ማጫወቻ ዓይን ይለያቸዋል። ዲስኩ ሲፈጥን ሌዘሩ እያንዳንዱን ምልክት የሚያሞቅበት ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ ጉልበት ይጨምራል። ጉልበቱ ትንሽ ከበዛ ወይም ካነሰ ምልክቱ ይደበዝዛል፣ አጭሩ ረጅም ይመስላል።

ታዲያ ላፕቶፔ ለምን አነበበው? ኮምፒውተር ጊዜ አለው። ያላነበበውን ደግሞ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሦስቴም አራቴም ይሞክራል፤ እናንተ ሳታውቁት። የቤት ማጫወቻ ግን ምስሉን አሁኑኑ ለቴሌቪዥኑ ማቀበል አለበት። በእጁ ያለው ማጠራቀሚያ ትንሽ ነው። እሱ ሲያልቅ ምስሉ ይደርቃል። በዚያ ላይ ሌዘሩ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ደክሟል፣ ሌንሱም አቧራ ጠጥቷል።

ታዲያ በጣም ዝቅ ብናደርገውስ?

ይህም ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ከዜጌ ስመለስ እኔም «በቃ ከእንግዲህ በዝቅተኛው ነው» ብዬ ነበር። የድሮ ሰዎች «በ1 ኤክስ ገልብጥ» ሲሉ ትክክል ነበሩ፤ ያኔ ዲስኩም ድራይቩም ለዚያ ፍጥነት ነበር የሚሠሩት። የዛሬው ባለ 16 ኤክስ ዲቪዲ ቀለም ለፈጣን ጽሕፈት የተቀመመ ነው። ድራይቩም ለእያንዳንዱ የዲስክ ዓይነት «በዚህ ፍጥነት ይህን ያህል ጉልበት» የሚል ቀመር በውስጡ ይዟል። በጣም ዝቅ ባለው ፍጥነት ላይ ግን ቀመሩ በደንብ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል።

እንጀራ ጋግራችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ምጣዱ በጣም ከጋለ እንጀራው ያራል። ሳይግል ሊጥ ካፈሰሳችሁ ደግሞ ዓይን አያወጣም። ዲስክም እንደዚያው ነው፤ ዓይኑ የሚያምረው ምጣዱ ልክ ሲሆን ነው።

እኔ የምሠራበት ደንብ ይህ ነው፦ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት ግማሽ ገደማ። ከዚያ በሙከራ አንድ ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ።

1. መጀመሪያ ማጫወቻውን እወቁ

ደንበኛውን ጠይቁ። «የሚያዩት በምንድን ነው? ዲቪዲ ነው ወይስ ቪሲዲ?» ይህቺ ጥያቄ ብዙ መመላለስ ታድናለች። በገጠር የጣና ዳርቻ ቪሲዲ፣ ማለትም ሲዲ ላይ የተጻፈ ቪዲዮ፣ ብቻ የሚያጫውት ዴክ ዛሬም አለ። እሱ ዲቪዲ በምንም ፍጥነት ብትገለብጡለት «ኖ ዲስክ» ነው የሚለው። ለእሱ በሲዲ ላይ ቪሲዲ ሠርታችሁ ስጡ። አንድ ባለ 80 ደቂቃ ሲዲ 80 ደቂቃ ቪዲዮ ይይዛል፤ የ2 ሰዓት ሰርግ በ2 ሲዲ ይገባል ማለት ነው።

የመኪና ቴፕ ከሆነ ደግሞ ኤምፒ3 ያነብብ እንደሆነ ጠይቁ። አሮጌው የሚያነበው የኦዲዮ ሲዲን ብቻ ነው። ፊቱ ላይ «ኤምፒ3» የሚል ጽሑፍ ከሌለ ኦዲዮ ሲዲ ሥሩለት።

2. ዲስኩን ምረጡ

ለአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዲቪዲ ማይነስ አር (DVD-R) ነው። ፕላስ አር (DVD+R) ዘግይቶ ስለመጣ አንዳንድ የጥንት ማጫወቻ አያውቀውም። እጃችሁ ላይ ያለው ፕላስ አር ብቻ ከሆነ፣ ድራይቫችሁ የሚፈቅድ ከሆነ፣ «ቡክ ታይፕ» የሚባለውን፣ ዲስኩ ዓይነቱን ለማጫወቻው የሚናገርበትን ምልክት፣ ወደ ዲቪዲ ሮም ቀይሩት። ያኔ ማጫወቻው ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ይመስለዋል። ኢምግበርን በሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ላይ ይህን የምታገኙት የመጽሐፍ ምስል ባለው ቁልፍ ነው።

እየተሰረዘ ደግሞ የሚጻፈውን፣ አርደብሊው የሚባለውን፣ ለደንበኛ አትስጡ። ብርሃን የሚመልሰው ከሌላው በጣም ባነሰ ነው። ፋብሪካ የታተመ ሲዲ ከሚያርፍበት ብርሃን 70 በመቶውን ሲመልስ ሲዲ አርደብሊው የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። የደከመ ሌንስ ይህን አያይም። ባለ ድርብ ንብርብሩን ባለ 8.5 ጊጋ ዲቪዲም እንዲሁ ተዉት፤ ሥራው ረጅም ከሆነ በሁለት ዲስክ ከፋፍሉት።

ባዶ ዲስክ ስትገዙ ሽፋኑን ብቻ አትመኑ። ላዩ ላይ ምንም ሳይጻፍበት በጅምላ የሚሸጥ አለ፤ አንዱ ሃምሳ ፍሬ ጥሩ ሆኖ፣ ያው የሚመስለው ቀጣዩ ሃምሳ ይበላሻል። እኔ አዲስ ሃምሳ ስከፍት ሁልጊዜ አንዱን ለሙከራ እሠዋለሁ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁም እዩት። ቀለሙ ዥጉርጉር ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ የነጠብጣብ ምልክት ካለ፣ ወደ ሱቁ መልሱት። ዲስኩን ድራይቩ ውስጥ አስገብታችሁ ኢምግበርን ብትከፍቱ በቀኝ በኩል የአምራቹን መለያ ኮድና ድራይቩ የሚቀበላቸውን ፍጥነቶች ይዘረዝርላችኋል። ኮዱን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። በኋላ ለምን እንደሆነ ትረዱታላችሁ።

3. ፍጥነቱ

ባለ 16 ኤክስ ዲቪዲ ከሆነ 8 ላይ አድርጉት። እኔ ከዜጌው ጉዳይ ወዲህ ከዚህ አልወጣም። ማጫወቻው በጣም አሮጌ ከሆነ፣ ወይም 8 ላይ የሠራችሁት መጨረሻው ላይ ከተንገራገጨ፣ 6 ወይም 4 ሞክሩ። ከ4 በታች አትውረዱ፤ ብዙ ድራይቭም አይፈቅድላችሁም። ባለ 8 ኤክስ ዲቪዲ ካገኛችሁ ደግሞ 4 ይበቃዋል።

ሲዲ ላይ አብዛኛው አሁን የሚገኘው ባለ 52 ነው። ግማሹ 26 ይሆናል፤ ለኤምፒ3 በ24 እገለብጣለሁ። ለኦዲዮ ሲዲና ለቪሲዲ ግን ወደ 16 ዝቅ እላለሁ። ኦዲዮ ሲዲ ከመረጃ ሲዲ ያነሰ የስህተት ማረሚያ ስላለው ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመኪና ቴፕ ደግሞ በኮረኮንች ላይ ነው የሚያነበው። ከባሕር ዳር ወደ ጥስ አባይ የሄደ ሰው ያውቀዋል። እየተንቀጠቀጠ ለሚያነብ ሌንስ ጥርት ያለ ጽሕፈት ስጡት። አሮጌ ዴክ 16ቱንም እምቢ ካለ 10 ወይም 8 ሞክሩ፤ አዲስ ድራይቭ ግን ከ10 ወይም ከ16 በታች ላያሳያችሁ ይችላል። ካላሳየ አትጨነቁ፣ ያለውን ዝቅተኛ ያዙ።

አሁን ስለ ጊዜው። «በ8 ካደረግኩት መቼ ያልቃል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በጥር ወር እኔም ብዬዋለሁ። ሂሳቡን እንይ። የሞላ ዲቪዲ በ4 ኤክስ 14 ወይም 15 ደቂቃ ይፈጃል። በ8 ኤክስ 8 ደቂቃ ገደማ። በ16 ኤክስ 4 ደቂቃ እንዳይመስላችሁ፤ ቅድም እንዳልኩት 16 የሚሞላው ጠርዙ ላይ ብቻ ስለሆነ 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ በአንድ ዲስክ 2 ደቂቃ ነው! ለ30 ዲስክ 1 ሰዓት። እኔ ያንን 1 ሰዓት ለማትረፍ ብዬ 30 ቤት ውስጥ መልሱን አስቆምኩ። ከዚያ በኋላ 30ውንም እንደገና ገለበጥኩ፤ ለየቤቱም እየዞርኩ አደረስኩ።

4. ፋይሉ ራሱ ሸክም እንዳይሆን

ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ፋይሉ ከከበደ አሮጌው ማጫወቻ አሁንም ይቸገራል። ዲቪዲ ቪዲዮ በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት ይፈቅዳል። ይፈቅዳል ማለት ግን ሁሉም ማጫወቻ ከተገለበጠ ዲስክ ላይ ያንን ያህል ሳይንገዳገድ ያነባል ማለት አይደለም። እኔ ከፍተኛውን 7 ላይ፣ አማካዩን 5 አካባቢ አደርገዋለሁ። በ5 ሜጋቢት 2 ሰዓት ቪዲዮ በአንድ ዲስክ ይገባል። የምስሉ ዓይነት ፓል ይሁን፤ አሮጌው ቴሌቪዥናችን የሚሠራበት ሥርዓት ነው።

ጠርዙንም አትሙሉ። ባለ 4.7 ጊጋው ዲቪዲ ኮምፒውተሩ ላይ 4.37 አካባቢ ሆኖ ነው የሚታየው። እኔ ከ4.2 አላልፍም። የመጨረሻው ጠርዝ በጣት የሚያዘው፣ የሚቧጨረው፣ ለሌንሱም አስቸጋሪው ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምርቃት አስቀምጡ አልላችሁም። የግድ መሙላት ካለባችሁም መጨረሻው ላይ የምስጋና ጽሑፍ ወይም የፎቶ ስብስብ ይምጣ፤ ዋናው ነገር ቀድሞ ያልቅ።

ኤምፒ3 ከሆነ የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በአጭሩ ጻፉ። የግዕዝ ፊደል አሮጌ ቴፕ ላይ ካሬ ካሬ ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዱም ፋይሉን ጭራሽ ይዘለዋል። ከ01፣ 02 ብላችሁ ጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉን ይጠብቅላችኋል።

5. በርን ከማድረጋችሁ በፊት

መብራት። ይህን እኔ ለባሕር ዳር ሰው አልነግረውም። ጽሕፈት መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ያ ዲስክ አለቀለት፤ አይቀጥልም። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ይኑራችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ።

ቪዲዮውን ከፍላሽ ወይም ከኔትወርክ ቀጥታ አትገልብጡ። መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ ቢቻል አይኤስኦ (የዲስኩን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል) አድርጋችሁ። ድራይቩ የሚጽፈው መረጃ ሲያጥረው ጽሕፈቱን ለአፍታ ያቆምና ካቆመበት ይቀጥላል። አዲስ ድራይቭ ይህን በጥበብ ይሠራዋል፤ ዲስኩ አይበላሽም። ሆኖም ያቆመበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ስፌት ይቀራል። ደካማ ሌንስ ስፌቷ ላይ ይደናቀፋል። ስለዚህ ሲገለብጥ ኮምፒውተሩን ተዉት። ኤዲት አታድርጉበት፣ ሬንደር አታስኪዱበት፣ ዩቲዩብ አትክፈቱበት። 8 ደቂቃ ነው። ቡና ጠጡ።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ድራይቩን አሳርፉት። እኔ በየአምስት ዲስኩ ትንሽ አቆማለሁ፣ በሩን ከፍቼ አናፍሰዋለሁ። ሥራ የበዛበት ሌሊት አሥረኛው ዲስክ ከመጀመሪያው ይልቅ ሲበላሽ አይቻለሁ። በጅምላ የምትገለብጡ ከሆነ ከላፕቶፕ ስስ ድራይቭ ይልቅ የዴስክቶፑን ወፍራም ድራይቭ ተጠቀሙ፤ የተረጋጋ ነው።

6. ፕሮግራሙ ላይ የት ነው የምንመርጠው?

ኢምግበርን ላይ አይኤስኦውን ስትከፍቱ ታች «ራይት ስፒድ» የሚል ሳጥን አለ። ማክስ ብሎ ይጠብቃችኋል። 8 ኤክስ አድርጉት። አጠገቡ ያለውን «ቬሪፋይ»ን ምልክት አድርጉበት፤ ጽፎ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጋር እያመሳከረ ያነበዋል። ኔሮ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ «ራይቲንግ ስፒድ» የሚለው በርን የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት በሚመጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው።

በዊንዶውስ በራሱ የምትገለብጡ ከሆነ መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ባዶውን ዲስክ ስታስገቡ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንዱ «እንደ ፍላሽ»፣ ሌላው «ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ» የሚል ነው። ሁለተኛውን ምረጡ። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ዲስኩን አሮጌ ማጫወቻ አያነበውም፤ ፍጥነቱ ምንም ቢሆን። ፍጥነቱን ቀጥሎ በሚመጣው መስኮት «ሪከርዲንግ ስፒድ» ከሚለው ላይ ዝቅ አድርጉት።

ዲስኩ መዘጋት አለበት፤ ጽሕፈቱ አልቋል፣ ከእንግዲህ አይጨመርበትም ማለት ነው። «ፋይናላይዝ» ወይም «ክሎዝ ዲስክ» የሚለው ምልክት ይኑርበት። ለኦዲዮ ሲዲ ደግሞ «ዲስክ አት ዋንስ» የሚለውን ምረጡ፤ ሌዘሩ ሳይጠፋ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጽፈው በዘፈኖቹ መሃል ጠቅ የሚል ድምፅ አይገባም።

7. ሙከራው

ቬሪፋይ አለፈ ማለት የእናንተ ድራይቭ አነበበው ማለት ነው። የእማማ ማጫወቻ ያነበዋል ማለት አይደለም። ለዚህ ብዬ ከሰው ቤት የወጣ አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ገዝቼ ስቱዲዮዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሪሞቱ የለም፣ በሩ በጣት ካልተገፋ አይዘጋም። ከሁሉም ዕቃዬ ግን እሱን ነው የማምነው። እሱ ያነበበውን የመለሰ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰላሳ ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ገልብጡ። አሮጌው ማጫወቻ ውስጥ አስገቡት። ቀጥታ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ዝለሉ። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ሳትነኩት እዩ። ድምፁን ዝጉና ማጫወቻውን አዳምጡት። ለስላሳ፣ አንድ ዓይነት ፉጨት ከሆነ ደህና ነው። «ትክ ትክ» ካለ፣ ወይም ዲስኩ እየፈጠነ እየዘገየ ከመጣ፣ ምስሉ ገና ባይቆምም ሌንሱ እየታገለ ነው። ከዚህ የደከመ ሌንስ ያለው ቤት ሲደርስ ይቆማል። አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ገልብጡ።

ውጤቱን ጻፉት። የኔ ደብተር ላይ አራት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ የዲስኩ ኮድ፣ ፍጥነቱ፣ ድራይቩ፣ መጨረሻው ላይ እንዴት እንደሆነ። ሁለት ሰርግ ከሠራችሁ በኋላ የትኛው ዲስክ በስንት እንደሚጥም ታውቁታላችሁ፤ እንደ አዲስ አትጨነቁም።

ሲያስቸግር ምኑ ነው?

ሁሉንም ችግር በፍጥነት ላይ ማላከክም ልክ አይደለም። ጭራሽ «ኖ ዲስክ» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ አይደለም። የዲስኩ ዓይነት አይስማማውም፣ አልተዘጋም፣ ወይም ሌንሱ ሞቷል። በዚያው ማጫወቻ ፋብሪካ የታተመ ኦሪጅናል ዲስክ ሞክሩ። እሱንም ካላነበበ ችግሩ የማጫወቻው ነው፤ ደንበኛውን በትሕትና ንገሩት።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ዲስኩ ላይ ነው። ጀርባውን አዙራችሁ እዩት፤ ጭረት ወይም የጣት አሻራ አለ? ከሌለ፣ ቦታውም ወደ ጠርዙ ከሆነ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም መብራቱ ይዋዥቃል። ሌላው ምልክት ሰዓቱ ነው። መጀመሪያ ደህና ሠርቶ ከ1 ሰዓት በኋላ ማንኛውንም ዲስክ እምቢ ካለ ማጫወቻው ግሏል። ዳንቴሉን አንሡለት። እውነቴን ነው፤ የላይኛው መተንፈሻ ቀዳዳ በዳንቴል ተሸፍኖ ያገኘሁት ከአንድ ቤት በላይ ነው።

ከተገለበጠ በኋላ

ዲስኩ ላይ በወረቀት የሚለጠፍ ፎቶ አታድርጉ። አውቃለሁ፣ ያምራል፤ ደንበኛም ይወደዋል። ግን ዲቪዲ ላይ ወረቀቱ ሚዛኑን ያዛባዋል፣ በሙቀትም ዲስኩን ያጎብጠዋል። የተጎበጠ ዲስክ ደግሞ የሚያስቸግረው ያው ጠርዙ ላይ ነው። ፎቶውን ሽፋኑ ላይ አትሙት። ዲስኩ ላይ ለሲዲ በተሠራ ለስላሳ ማርከር ብቻ ጻፉ፤ ቢቻል ቀዳዳው ዙሪያ ባለው ብርሃን አስተላላፊ ቀለበት ላይ። እስክሪብቶ ሲዲን ይገድለዋል። የሲዲ መረጃ ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ፣ በእስክሪብቶ የጫራችሁት መረጃውን ነው። ዲቪዲ መረጃው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ስለተቀመጠ በዚህ በኩል ይሻላል።

ሲቆሽሽ የሚጠረገው ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥታ ነው፤ በክብ አይደለም። በፀሐይ መስኮት ላይ፣ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። በጀልባ የምልከው ከሆነ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምሰጠው፤ ነጂውንም «ከሞተሩ አጠገብ እንዳታስቀምጥብኝ» እለዋለሁ።

አይኤስኦውን ደግሞ ከሃርድ ዲስካችሁ አታጥፉት። ዲስክ ይጫራል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ጎረቤት ተውሶት ይቀራል። የዜጌዋ እናት ባለፈው ዓመት ሌላ ቅጂ እንዲሰጣቸው ሰው ላኩብኝ፤ የመጀመሪያውን ልጃቸው ይዛው ሄዳለች። ደብተሩን ገለጥ አድርጌ ኮዱን አየሁ፣ በ8 ገለበጥኩት፣ አሮጌው ማጫወቻ ላይ የአባትየውን ምርቃት እስከ መጨረሻው «አሜን» ድረስ አየሁት። ከዚያ በፌስታል ጠቅልዬ ለጀልባው ሰጠሁ።